አብስትራክት ሥዕል ምንድን ነው? ያልገባን ሥዕል ሁሉ ስሙ እሱ አይደለም

ሙዚየም ሄዳችሁ ቪዲዮ የምትለቁ ልጆች በጣም ደስ ትሉኛላችሁ፣ ከምሬ ነው፣ ቅዳሜን ከጓደኛ ጋር ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ገብቶ ዘመናዊ ሥዕል እያዩ እየተሳሳቁ መዋል የመሰለ ነገር የለም። ግን እቺን «አብስትራክት» የምትሏትን ነገር አልቻልኳትም። ትናንት ያየሁት ላይ ልጁ እንስራ ያዘለች ሴት ሥዕል ፊት ቆሞ «ጋይስ ይሄ አብስትራክት ነው፣ ምን እንደሆነ ሰዓሊውም አያውቀውም» ይላል። ሴትየዋ ቁልጭ ብላ እየታየች! እንስራው አለ፣ ማዘያ ገመዱ አለ፣ ከክብደቱ ጎንበስ ማለቷ ራሱ ይታያል። ፊቷ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ነው እንግዲህ።

ፊት አረንጓዴ መቀባት፣ አንገት ማስረዘም፣ እጅ ማግዘፍ አብስትራክት አያሰኝም፣ ሥዕሉ አሁንም ስለ ሴትየዋ ነው። ፒካሶን ብዙ ሰው የአብስትራክት አባት ያደርገዋል፣ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ ወደዛ ገብቶ አያውቅም፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የሳለው ጌርኒካ ላይ ፈረሱም በሬውም የሞተ ልጇን የታቀፈችው እናትም አሉ። ዘመናዊ ማለት ደግሞ አብስትራክት ማለት አይደለም፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት እዩት፣ ዘመናዊ ሥራ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን በሰው የተሞላ ነው።

አብስትራክት የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰዓሊው ካየው ነገር ተነስቶ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄድና ከተራራው የጠርዙ መስመር፣ ከሰፈሩ የቆርቆሮው ዝገት ቀለም ብቻ ሲቀር ነው። ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያውም ከውጭ የተወሰደ ነገር የለውም፣ ቀለሙና ቅርጹ ራሳቸው ናቸው ጉዳዩ። በቃ። ከዚህ በላይ ሚስጥር የለውም፣ ችግሩ ግን ሚስጥር አለው ብሎ የሚመጣው ሰው ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ እንደ እንቆቅልሽ መፍታት ይጀምራል፣ «እቺ ዓይን ትመስላለች፣ ይሄ ደሞ አንበሳ ነው መሰለኝ»፣ ከዛ ካላገኘ ተናዶ ሰዓሊው አሾፈብኝ ይላል። የተደበቀ ነገር የለም እኮ! ከሙዚየሙ ወጥታችሁ መንገዱን ወደ ላይ ብትይዙት ሽሮ ሜዳ ትደርሳላችሁ፣ እዛ እናታችሁ ቀሚስ ስትመርጥ ጥለቱን ይዛ «ይሄ የምን ሥዕል ነው?» ብላ ታውቃለች? አትልም። የቀዩን ስፋት ታያለች፣ ወርቃማው ክር በዝቶ ይሆን ትላለች፣ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፣ አንዱ መደዳ ከሌላው ከተዛነፈ ከሁለት ሜትር ርቀት ይታያታል። ማንም ሳያስተምራት አብስትራክት እያየች ነው። መስቀል ያለበት ጥለት የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ መስቀሉ ከክሩ ጋር እንዲሄድ ተቀንሶ ተቀንሶ የቀረ፣ ዝም ብሎ መስመርና ሦስት ማዕዘን የሆነው ደግሞ ሁለተኛው።

አስተያየት ላይ «ስለዚህ ሁሉም እንደፈለገ ይተርጉመው ማለት ነዋ» ያልሽው እህቴ፣ አይደለም፣ ይሄም ስህተት ነው። ለለቅሶ የሚለበሰውን ጥቁር ጥለት አድርገሽ ሰርግ ብትገቢ «እኔ እንደ ደስታ ነው የተረጎምኩት» ብትዪ ማን ይሰማሻል? ሥዕልም የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። ከታች በኩል ከባድ ጥቁር ተጭኖበት ከላይ ቀጭን ቢጫ ብቻ የቀረለትን ሸራ ቀላልና ክፍት ነው ልትዪኝ አትችዪም። የሚሰማሽ ከእኔ ሊለይ ይችላል፣ ሸራው ላይ ያለው ግን ለሁለታችንም አንድ ነው። የጥለቱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ግን አይሠራም፣ ጥለት ይደጋገማል፣ የጨርቁን ጠርዝ ይከተላል፣ ሥዕል ግን አራቱ ጠርዝ የራሱ ነው፣ አንዴ ያደረገውን እንዲደግመው የሚያስገድደው የለም፣ ስለዚህ ሰዓሊው እያንዳንዷን ቦታ እንደ አዲስ መወሰን አለበት።

«እኔም እስለዋለሁ» ያልከው ወንድሜ ደግሞ፣ እኔ ሥራዬ ሥዕል መጠገን ነው፣ ሸራ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ መብራት ከጎን አብርቼ ነው የማየው። እንደዛ ስታየው ቀለሙ ኮረብታና ሸለቆ ይሆናል፣ ብሩሹ የት እንደዞረ፣ ቢላው የት እንደፋቀ ይታያል። ብዙ ጊዜ ከላዩ ዝም ያለ ሰማያዊ የሚመስለው ቦታ ከሥሩ የሌላ ቅርጽ ጠርዝ አለው፣ ሰዓሊው አስቀምጦት፣ አይቶት፣ አልሆነም ብሎ የሸፈነው። እንደመጣለት የረጨ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሩሲያዊው ሰዓሊ ማሌቪች እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣው «ጥቁር ካሬ»፣ ያ ሁሉም የሚስቅበት፣ ሞስኮ ሲመረመር ከሥሩ ሁለት ሌሎች ሥዕሎች ተገኝተዋል። ጥቁሩ በእነሱ ላይ ስለተቀባ ዛሬ ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ መሐል የሥሩ ቀለም ይታያል። የሥዕሉ ፎቶ ላይ የምታዩት ስንጥቅ ሰዓሊው የሳለው አይደለም፣ ዕድሜው ነው፣ ስለዚህ «ጥልቅ ትርጉም አለው» ብላችሁ እንዳትጽፉበት።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር፣ በስልክ አይታችሁ አትፍረዱ። የስልክ ስክሪን ቀይን ይለውጠዋል፣ መጠኑን ያጠፋዋል፣ የቀለሙን ውፍረት ጭራሽ አያሳይም፣ አብስትራክት ላይ ደግሞ ያ ውፍረት ግማሹ ሥራ ነው። ሙዚየም ውስጥም ብትሆኑ የቆየ ቫርኒሽ (ሥዕሉን እንዲጠብቅ ከላይ የሚቀባው) ወደ ቢጫ ስለሚሄድ አሁን ቢጫ የሚመስላችሁ ቦታ ድሮ ነጭ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ አጥፉ። ጣታችሁንም ሰብስቡ፣ የእጅ ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል፣ እሱን የሚያጸዳው እንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

ማዕከሉ በስሙ የተጠራለትን ሰዓሊ ገብረ ክርስቶስን ራሱን «የአብስትራክት ሰዓሊ» ብሎ መዝጋትም ልክ አይደለም። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የብራና መጽሐፍ በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ፣ እሱ ደግሞ ኮሎኝ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ፣ ስቅለትንም ስሏል፣ ምንም የሚታወቅ ነገር የሌለበትንም ስሏል፣ ግጥምም ጽፏል። ቃሉ የሚገባው ለአንድ ሥዕል እንጂ ለሰውዬው አይደለም። አንዱ ግድግዳ ላይ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ሊሰቀል ይችላል፣ እና እያንዳንዱን ለብቻው መጠየቅ ነው።

አስቸጋሪ የሆኑም አሉ እርግጥ። ሰዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮቭ የግዕዝ ፊደልን ይዘረጋል፣ ይሰብራል፣ ይገለብጣል፣ ሐበሻ ሁሉ ፊቱ ቆሞ ለማንበብ ይታገላል፣ ግን ቃል አይወጣውም። ፊደሉ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ቃሉ ግን የለም፣ ስለዚህ መሐል ላይ ነው ብል አላፍርም። ሌላውን ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንን ግን አብስትራክት ላላችሁት አልስማማም፣ ወፎቹ አሉ፣ ዓይኖቹ አሉ፣ እንደ ክታብ ጥቅልል የሚሮጡት ምልክቶች አሉ፣ ቀረብ ብላችሁ ቁጠሯቸው።