በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ውስጥ የአኃዝ መክፈያ ምልክት

የአኃዝ መክፈያ ምልክት በኮድ ውስጥ የሚጻፍን ረጅም ቁጥር ለዓይን እንዲቀል በቡድን በቡድን የሚለይ፣ በቁጥሩ ዋጋ ላይ ግን ምንም ለውጥ የማያመጣ ምልክት ነው። በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ለዚህ አገልግሎት የሚውለው አንደርስኮር (_) ሲሆን፣ በሲ ፕላስ ፕላስና ሲ 23 በሚባለው የሲ ደረጃ (የቋንቋው ይፋዊ ደንብ) ግን ነጠላ ጥቅስ (') ነው። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ምልክቶቹን ዘሎ አኃዞቹን ብቻ ስለሚወስድ 1_000_000 እና 1000000 ለማሽኑ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታየው ኮዱን ለሚያነበው ሰው ብቻ ነው።

ጥቅሙን ለማየት 10000000ን እና 100000000ን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የትኛው አሥር ሚሊዮን፣ የትኛው መቶ ሚሊዮን እንደሆነ ለመለየት አንባቢው ዜሮዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይኖርበታል፤ 10_000_000 እና 100_000_000 ተብለው ሲጻፉ ግን ጥያቄው አይነሳም። በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ሚሊሰከንዶችም 86_400_000 ተብለው ሲጻፉ ስህተት ቢኖርባቸው ቶሎ ይታያል። በባይናሪ (በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፍ ቁጥር) ሲሆን ጥቅሙ ይበልጥ ይጎላል፤ ስምንት ቢቶችን (የባይናሪ አኃዞችን) 1111_0000 ብሎ አራት አራት አድርጎ መክፈል አራት ቢትን በአንድ ምልክት ከሚጽፈው የሄክሳዴሲማል (የአሥራ ስድስት መሠረት) አጻጻፍ ጋር በቀጥታ ያመሳክራቸዋል።

በወረቀትና በባንክ ደረሰኝ የለመድነው ኮማ ለምን አልተመረጠም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ኮማ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች አስቀድሞ ለሌላ ሥራ የተያዘ መሆኑ ነው፤ ለፈንክሽን የሚሰጡ እሴቶችን የሚለየው እሱ ስለሆነ፣ 1,000,000 ተብሎ የተላከ ቁጥር ሦስት የተለያዩ እሴቶች ሆኖ ይደርሳል። በፓይተን አንድን ቫሪያብል ከ1,000,000 ጋር ያስተካከለ ጀማሪ ምንም የስህተት መልእክት አይደርሰውም፤ ቫሪያብሉ ውስጥ የሚያገኘው ግን አንድ ሚሊዮን ሳይሆን 1፣ 0 እና 0ን የያዘ ቱፕል (የብዙ እሴቶች ጥቅል) ነው። በሲ ደግሞ ቫሪያብሉ 1 ብቻ ይዞ ይቀራል። ከዚህ የከፋም አለ፦ በሲ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር በስምንት መሠረት የተጻፈ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ በ1,050,000 መካከል ያለው 050 የሚነበበው አርባ ተብሎ ነው። ነጥብም መፍትሔ አልሆነም፤ ጀርመኖች ሺዎችን በነጥብ ቢለዩም በፕሮግራሚንግ ዓለም ነጥብ የአስርዮሽ ምልክት ነው።

ባዶ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሞክሯል። የቀድሞው ፎርትራን በመስመር ውስጥ ያለን ባዶ ቦታ ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው 1 000 000 ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይኸው ልቅነት በቃላትም ላይ ይሠራ ስለነበር ስህተትን የሚደብቅ ሆኖ ተገኘ፣ ፎርትራን 90 ባመጣው ነጻ አጻጻፍም ባዶ ቦታ ትርጉም እንዲኖረው ተደረገ። አንደርስኮርን በግልጽ ሕግ ካስገቡት ቀደምት ቋንቋዎች አንዱ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የተሠራውና በ1983 ደረጃ የወጣለት ኤዳ ነው፤ በዚህ ቋንቋ የባይናሪ ቁጥር 2#1111_0000# ተብሎ ይጻፋል። ፐርልና ሩቢ ይህንኑ ምልክት ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ እየተከተሉ መጡ፦ ጃቫ 7 በ2011፣ ፓይተን 3.6 በ2016፣ ሲ ሻርፕ 7 በ2017፣ ጎ 1.13 እና ፒኤችፒ 7.4 በ2019፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በ2021 ደረጃው ተቀበሉት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲ ፕላስ ፕላስ ከዚህ ሰልፍ የወጣው በምርጫ ሳይሆን በግድ ነው ማለት ይቻላል። የ2011ዱ ደረጃ ፕሮግራመሮች በአንደርስኮር የሚጀምር ቅጥያ በራሳቸው ፈጥረው ከቁጥር ኋላ እንዲያስገቡ ፈቅዶ ነበር። በሄክሳዴሲማል አንዳንድ ፊደሎች ራሳቸው አኃዝ ስለሆኑ፣ ከአንደርስኮር በኋላ የሚመጣው የቁጥሩ ቀጣይ ክፍል ይሁን ቅጥያ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ የ2014ቱ ደረጃ ስዊዘርላንዶች ለገንዘብ የሚጠቀሙበትን 1'000'000 የሚመስል አጻጻፍ ያዘ። ምርጫው ቋንቋውን ቢያድንም የኮድ ኤዲተሮችን አስቸግሯል፤ ነጠላ ጥቅስ የፊደል መክፈቻ መሆኑን ብቻ የሚያውቁ ቆየት ያሉ ኤዲተሮች ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በጥቅስ ውስጥ እንዳለ ጽሑፍ ቀለም ይቀቡት ነበር።

ምልክቱ የት ይገባል በሚለው ላይ ቋንቋዎቹ አይስማሙም። በመጀመሪያ ላይ እንዳይገባ መከልከሉ የጋራ ነው፣ ምክንያቱም _1000 በብዙዎቹ ትክክለኛ የቫሪያብል ስም ነው። ጃቫ ሁለት አንደርስኮር ተከታትሎ እንዲመጣ ሲፈቅድ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ይከለክላሉ፤ ረስት ደግሞ በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ቢንጠለጠል እንኳ አይከፋውም።

ስንት ስንት አኃዝ መከፈል እንዳለበት ግን አብዛኞቹ ቋንቋዎች አይደነግጉም፤ ይህም ልክ ይመስለኛል። ሕንዶች መቶ ሺህን 1,00,000 ብለው ይጽፋሉ፤ በቻይናና በጃፓን ቋንቋ የቁጥር ስሞች በየአራት አኃዙ ይለወጣሉ። የእኛው የግዕዝ አኃዝ ደግሞ ዜሮ ሳይኖረው በሁለት ሁለት የሚከፈል ነው፦ 123,456 ሲጻፍ ፲፪፼፴፬፻፶፮ ይሆናል፤ ፼ እና ፻ ዋጋ ያላቸው ምልክቶች ቢሆኑም ጥንዶቹን በመለየት መክፈያንም ተክተው ይሠራሉ። ይህን ልማድ ተከትሎ 12_34_56 ብሎ የጻፈ ሰው በፓይተንም ሆነ በጃቫ ተቃውሞ አይገጥመውም። ገንዘብን በሳንቲም የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ውስጥም 1,250 ብር ከ75 ሳንቲምን 1_250_75 ብሎ መጻፍ ትርጉም አለው። የነጻነቱ ዋጋ 1_0000_000 ተብሎ በስህተት የተጻፈ አሥር ሚሊዮንም ያለ ማስጠንቀቂያ ማለፉ ነው፤ ለዚህም እንደ ረስት ክሊፒ ያሉ የኮድ መመርመሪያዎች ወጥ ያልሆነ አከፋፈል ሲያዩ ያሳስባሉ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ኮድ ውስጥ ስለተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለተጠቃሚ ሲታይ መክፈያውን የሚያስገባው ሌላ አሠራር ነው፤ ፓይተን ለምሳሌ ከ3.1 ጀምሮ ውጤትን በኮማ ከፍሎ ማተም ይችላል። ከፋይል ወይም ከቅጽ የመጣን ጽሑፍ ወደ ቁጥር በመለወጥ ላይ ደግሞ ቋንቋዎቹ እንደገና ይለያያሉ። «1_000» የሚል ጽሑፍ ሲሰጠው ፓይተን ከ3.6 ወዲህ ሺህ ብሎ ይቀበለዋል፣ ጃቫ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል፣ ጃቫስክሪፕት ግን እንደተጠቀሙበት ፈንክሽን ወይ ቁጥር አይደለም ይላል ወይ የመጀመሪያውን 1 ብቻ ወስዶ ዝም ይላል። ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ የሆነው ጄሰን (JSON) መክፈያን ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ የስልክ ቁጥር ወይም የሒሳብ ቁጥር በቅጽ የሚቀበል የፓይተን ፕሮግራም ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) መለወጡን ብቻ እንደ ማረጋገጫ ከወሰደ፣ አንደርስኮር ያለበትን ግቤት ሳያውቅ ያሳልፋል።