የእማዬ ልቃቂት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች። እማዬ ካረፈች የፊታችን ታኅሣሥ ገብርኤል ዓመት ይሞላታል። ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ምን እንደምትመስል የመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ከተማው በነጠላ ነጭ ይለብሳል፣ ከየአገሩ ከመጣው ምዕመን ጋር ተጋፍቶ ቅጽሩ ውስጥ መግባት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቤታችንም ሙት ዓመቷን እንዴት እናድርግ የሚለው ወሬ ከአሁኑ ተጀምሯል።

አርባዋ ላይ ተጣልተን ነበር፣ አልደብቃችሁም። አንዱ ወንድሜ በሬ ይጣል አለ። ሌላው ድንኳኑ ካነሰ ሰው ምን ይለናል አለ። እኔ ደግሞ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ዋጋ ጠይቄ ነበር። ለተዝካር! ተዝካር መታሰቢያ ማለት ነው፤ ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ድሃ ማብላት። እኛ የሰው ዓይን ፈርተን ስንጨቃጨቅ እማዬን የሚያስብ ጠፋ።

በዚያ ሰሞን ነው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን እንደገና ያነበብኩት። ኢዮጴ ላይ ጣቢታ የምትባል ሴት ነበረች፣ ትርጓሜው ዶርቃ ነው። ታማ ሞተች። አጥበው ሰገነት ላይ አኖሯት። ቅዱስ ጴጥሮስ ከልዳ ተጠርቶ ሲመጣ ባልቴቶቹ ከበቡት። ምን አሉት? አንድም ቃላቸው አልተጻፈም። እያለቀሱ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት፣ በቃ። «ደግ ነበረች» ማለት ቀላል ነው፤ ድንኳን ውስጥ ለማናውቀው ሰው ሁሉ እንለዋለን። ቀሚስ ግን ስፌቱ ይታያል።

እማዬ ስፌት አትችልም፣ ፈታይ ነበረች። ልጆቼ የሚያስታውሷት ደጅ ተቀምጣ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርት ስታሾር ነው። እጇ ይፈትላል፣ አፏ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ። ልጆቹ የቀናቱን ተራ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ከእሷ ለመዱ።  የምትፈትለውን ለሽያጭ ነው ብለን እናስብ ነበር። ለቅሶው ላይ የማናውቃት ሴት ልጇን በጋቢ አዝላ መጣች። የዘመድ ያለህ ስትል አራስ ቤት የደረሱላት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጋቢውም የእሳቸው ፈትል እንደሆነ ነገረችን። እኛ የሆዷ ልጆች አናውቅም ነበር!

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ያ እምነት ቀድሞ በአያትህ በሎይድ፣ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። አባቱ ግሪካዊ ነበር። እምነቱ በሴቶቹ በኩል ነው የመጣለት። ሎይድ ስለ ሰበከችው ስብከት ግን ምንም አልተነገረንም። እኔ እንደሚመስለኝ እሷም ደጅ ላይ የምትቀመጥ ዓይነት አያት ነበረች።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ዶርቃ ጴጥሮስ ጸልዮላት ተነሣች፣ እማዬ ግን አልተነሣችም። ይሄ ለብዙ ወር ውስጤን በልቶታል። «እግዜር ያጽናችሁ» ሲሉኝ እሺ እላለሁ፣ ማታ ግን አለቅሳለሁ። ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ነው ያለው፣ ከነጭራሹ አታልቅሱ አላለም። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ስለዚህ ያለቀሰ ሰው እምነት ጎደለው አትበሉት፣ እባካችሁ።

ለሙት ዓመቷ በሬው ቀርቷል። ሳጥኗ ውስጥ ያገኘነውን ልቃቂት ለሸማኔ አሳየነው፤ ለአንድ ጋቢ ትንሽ ይጎድለዋል አለ። ገዝቶ መሙላት ይቻላል። ልጄ ግን እኔ እፈትለዋለሁ ብላ የአያቷን እንዝርት ይዛ ደጅ ተቀምጣለች። በየስንዝሩ ይበጠስባታል። ትናንት ከሥራ ስገባ የሐሙሱን እየደገመች፣ የተበጠሰውን በምራቋ አርሳ ትቀጥል ነበር።