የወንድም ሞላ፦ ትንሽ መኪናን በሌላ መኪና ዕቃ ዝቅ ማድረግ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ የያዘ ሰው ጋራዥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው መኪናው ከፍ እንድትልለት ነው። ኮብልስቶኑም፣ ጉድጓዱም፣ ስፒድ ብሬከሩም ሆዷን እየመታ ማን ዝቅ ማድረግ ያምረዋል? ግን የሚያምረው አለ። እኔ አንዱ ነኝ። ትንሽ መኪና ጎማዋ ወደ ፓራፋንጎው ጠጋ ብሎ፣ መሬት ያዝ አድርጋ ስትቆም ደስ ይለኛል። በቀለበት መንገድ ስትሄድ፣ ኩርባ ስትይዝ የሚሰማው ነገርም ይለያል።

ወጣቶች «ሎው ማድረግ» የሚሉት ይህንን ነው። የተለመደው መንገድ ለዚያች መኪና ተብሎ የተሠራ አጭር የስፖርት ሞላ መግዛት ነው። እዚህ የማወራው ግን ስለ ሌላኛው መንገድ ነው። ከሌላ ሞዴል የተፈታ ሞላና ሾክ አብዞርበር (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) ወስዶ የራስ መኪና ላይ መግጠም። በርካሽ ይገኛል። ዕቃው የፋብሪካ ስለሆነም ብረቱ የታመነ ነው። በደንብ ከተሠራ መኪናዋ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ በላይ መመኘት ለመንገድ መኪና ጥሩ አይደለም።

ለመሆኑ የአንዷ ዕቃ ሌላዋ ላይ እንዴት ይገባል? የመኪና ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ሞዴል የሥሩን አካል እንደ አዲስ አይፈጥርም። አንድ መሠረት ይሠራና ላዩ ላይ የተለያየ ቦዲ ያስቀምጣል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ነው። አውሮፓ ያሪስ ተባለች፤ የ2000ን የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሽልማትም ወሰደች። በዚያው መሠረት ላይ ፕላትዝ፣ ፈንካርጎ፣ ቢቢ እና ኢስት ተሠሩ። ፕላትዝን አሜሪካኖቹ ኤኮ አሏት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሳዮን የሚባል የወጣቶች ስም ሲያወጣ ደግሞ ኢስት «ኤክስ ኤ»፣ ሳጥን መሳዩ ቢቢ «ኤክስ ቢ» ሆነው አሜሪካ ገቡ። እነዚህ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የፊቱ ማክፈርሰን ስትራት ነው፤ ሞላው ሾኩን ከቦ አንድ ላይ ይቆማል። የኋላው ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ቢም ነው።

ካናዳ ውስጥ የቪትዝ ቅርጽ ያላት ሀችባክ ኤኮ በሚል ስም ስትሸጥ፣ ዝቅ ሊያደርጓት የፈለጉ ሰዎች ድንበር ማዶ ወዳሉት የሳዮን ዕቃዎች ያዩ የነበረው ለዚህ ነው። ለኤክስ ኤ እና ለኤክስ ቢ የተሠራ የስፖርት ሞላ በቶዮታ በራሱ በኩል ይሸጥ ነበር። ወንድሟ ላይ የሚገባ እሷም ላይ ይገባል።

ግን መግባቱ ብቻ አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ይቺኛዋ ሞላ ስትለካ አጠር ትላለች፤ ስለዚህ መኪናዬ ዝቅ ትላለች» ይላል። ሞላ ግን መሬት ላይ ቆሞ የሚለካው ቁመቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የመኪና ከፍታ ሦስት ነገሮች ተስማምተው የሚያመጡት ነው፤ የሞላው ርዝመት፣ የሞላው ጥንካሬና የመኪናዋ ክብደት።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። በአንድ የፊት ሞላ ላይ 240 ኪሎ ያርፋል እንበል። የራሷ ሞላ 1 ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 2 ኪሎ ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናዋ ስትቀመጥበት 120 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። አሁን ከከባድ ወንድሟ ሞላ አመጣን። በ20 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ግን ጠንካራ ነው፤ ለ1 ሚሊ ሜትር 2.5 ኪሎ ይፈልጋል። ያው 240 ኪሎ ሲያርፍበት የሚጨመቀው 96 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በፊት ከሚጨመቀው 24 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። ሞላው በ20 አጠረ፤ መጨመቁ ግን በ24 ቀነሰ። ውጤቱ ምንድን ነው? መኪናዋ በ4 ሚሊ ሜትር ከፍ አለች! አጭር ሞላ ተገጥሞላት፣ ገንዘብ ወጥቶ፣ ከበፊቱ ከፍ ብላ ከጋራዥ ወጣች።

ይህ የታሰበ ቀልድ አይደለም፤ የሚደርስ ነገር ነው። አንዲት ኤክስ ቢ 1,100 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ቪትዝ እንደ ሞተሯ ከ800 ምናምን እስከ 900 ምናምን ኪሎ ናት። ለከባዷ ታስቦ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ለቀላሏ ሲገጠም የሚያወርደው በጣም ያነሰ ነው። በተቃራኒው ከቀላሏ ወደ ከባዷ ከሄደ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ግን ሞላው ለእሷ ልል ነው። አራት ሰው ሲሳፈር ታች ትነካለች።

ስለዚህ የሚፈለገው ዕቃ ክብደቷ ተቀራራቢ ከሆነችና ለስፖርት ተብላ ከተዘጋጀች ወንድም የመጣ ነው። ቪትዝ አርኤስ የምትባለው ለምሳሌ ከተራዋ ቪትዝ ጠንከር ያለ ሞላና ሾክ ይዛ ነው ከፋብሪካ የወጣችው። የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ እንዲህ ያለችው ናት።

ጥንካሬውን በዓይን መገመት ይቻላል? በተወሰነ ደረጃ አዎ። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) የሽቦውን ውፍረት ለኩ። የሚሠሩትን ዙሮች፣ ማለትም ጫፍ ላይ ሳይተኙ በነፃነት የሚጨመቁትን፣ ቁጠሩ። ውፍረት ከሁሉም በላይ ይናገራል። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ሽቦ 11 ቢሆን ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንዲት ሚሊ ሜትር! የዙር ቁጥር ደግሞ ሲቀንስ ጥንካሬ ይጨምራል። 6 የሚሠሩ ዙሮች ያሉት ሞላ 5 ሲቀሩት በ20 በመቶ ይጠነክራል።

ሞላ መቁረጥም ዙር ስለሚቀንስ ሞላውን ያጠነክረዋል፤ ግን ያታልላል። አንድ ጓደኛዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቪትዙን የፊት ሞላ አስቆረጠ። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም፤ መኪናዋም ዝቅ ብላ አማረች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ስፒድ ብሬከር በተሻገረ ቁጥር ከፊት «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። መኪናዋን በክሪክ አነሳናት። ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው መቀመጫው ላይ ልል ሆኖ በእጅ ይዞራል። በጣም ደነገጥኩ። ይህ መኪና ቤተሰብ የሚጭን ነው።

የሆነው ምንድን ነው? ሾኩ የድሮው ነው። ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ሾኩ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። ሞላው ግን አጥሯልና ያንን ያህል ርቀት መከተል አልቻለም። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ጠምዘዝ ብሎ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። አንድ ቀን ላይመለስ ይችላል። በብየዳ እሳት አሙቆ ማስተኛት ደግሞ የባሰ ነው። ሞላ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ነው፤ ያለ መጠን ሲሞቅ ያንን ያጣል። አንዱ በኩል ከሌላው በላይ ይተኛል፤ አልፎም ይሰበራል።

ለዚህ ነው ሞላ ብቻውን አይበደርም የምለው። ከሾኩ ጋር ነው የሚመጣው። ለአጭር ሞላ የተሠራ ሾክ ብዙ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ሞላው መቼም አይላላም። ጠንካራ ሞላ ሲመለስ የሚይዝበት ጉልበትም አለው። ደካማ ሾክ ጠንካራ ሞላ ላይ ሲውል መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። ሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን መቆሚያ ጎሚኒም አትርሱ። መኪናዋ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለች ማለት ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ በ3 ሴንቲ ሜትር ጠበበ ማለት ነው። ጎሚኒው የረጅሙ ሾክ ከሆነ መኪናዋ ዘወትር እሱ ላይ ተደግፋ ትሄዳለች። ሰዎች «ሞላው ደረቀብኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ሞላው ሳይሆን ይህ ነው።

ዝቅ ባለች ቁጥር ኩርባ ላይ አታዘነብልም የሚል እምነትም አለ። እስከ አንድ ልክ እውነት ነው። እንደ ቪትዝ ያለ የፊት ስትራት ባላት መኪና ግን ገደብ አለው። ከታች ጎማውን የሚይዘው ክንድ መኪናዋ በፋብሪካ ከፍታዋ ላይ ስትሆን ወደ አግድም ይቀርባል። ዝቅ ስትል የጎማው በኩል ወደ ላይ ይነሳል። በዚያን ጊዜ መኪናዋ የምታዘነብልበት የማዕከል ነጥብ ከመኪናዋ ክብደት ማዕከል በፈጠነ ሁኔታ ወደ ታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ፤ ማዘንበያው ጉልበት በዛ ማለት ነው። በጣም ዝቅ የተደረገች መኪና ኩርባ ላይ ሳታዘነብል የምትሄደው በሞላዋ ድርቅና እንጂ ዝቅ በማለቷ አይደለም። እኔ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲባል የማመነታው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሪው ዘንግም ከክንዱ ጋር አብሮ ያዘነብላል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው። ካልተደረገ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት የአንድ ወገን ጠርዙ ተበልቶ ሽቦው ይወጣል። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ። አንዳንድ መኪና ላይ የኋላው ፍሬን ጉልበት የሚወሰነው ከኋላው ቢም ጋር በተያያዘች ቫልቭ ነው። የኋላው ዝቅ ሲል ቫልቯ መኪናው የተጫነ ይመስላትና ለኋላ ጎማ ከሚገባው በላይ ፍሬን ትሰጣለች። መኪናችሁ ይህች ነገር ካለቻት እሷም መስተካከል አለባት።

ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። እዚያ የሌላ መኪና ሞላ ገጥሞ ዝም ብሎ መንዳት የለም፤ መርማሪ አይቶት በመኪናው ወረቀት ላይ መግባት አለበት። እዚህም ቢሆን ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ የላላ ሞላ ወይም ቦዲ የሚነካ ጎማ ይዞ መሄድ ራስን ማስቸገር ነው።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከወጣችሁ ግራና ቀኙን ከአንድ መኪና የተፈታ ውሰዱ። ከሁለት መኪና የተቀላቀለ ጥንድ አትግዙ። ጫፉ የተሰበረ ሞላ ብዙ ነው፤ የመጨረሻውን ዙር በጣታችሁ ዳብሱ። ዘይት ያላበው ሾክ ርካሽ ቢሆንም ይቅር። ሲፈታ የሞላ መጭመቂያ የሌለው ሰው እንዳይነካው። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለክታችሁ ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስ ያሳስታል። ሥራው ሲያልቅ የቦኮላዎቹ (ክንዱና ቢሙ የሚያያዙባቸው ጎሚኒ ያላቸው መጋጠሚያዎች) ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒያቸው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ንዷት። ሞላው ቦታውን ይዟልና እንደገና ለኩ። አላይመንቱን ያኔ አስደርጉ።