ጌም ቤት ተቀምጦ ጥናት? ስለ ጨዋታ ጥናት የሚባለውና እውነታው

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጌም ቤት ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ ጅማ ስሟን ካስጠራችበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አራት፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ «ዱቤ የለም»። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይውጠዋል። የሶሺዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሙሉ ክረምት እዚያ ከረምኩ። ደብተር ይዤ ስገባ ልጆቹ የቀበሌ ሰው መሰልኳቸው፤ ለጓደኞቼ ደግሞ ሥራ ፈት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታ ጥናት፣ ማለትም ጨዋታንና ተጫዋቾቹን ስለሚመረምረው ትምህርት፣ የምሰማው ነገር ብዙም አልተለወጠም። እስኪ አንድ በአንድ ልመልሰው።

«ጌም ማጥናት ማለት እየተጫወቱ ዲግሪ መቀበል ነው»

በዚያ ቤት የሚከፍለው ተሸናፊ ነው፤ አሸናፊ ከበርጩማው አይነሳም። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሕጉ ቀላል ይመስላል። ውጤቱ 2 ለ 1 ሆኖ ሳለ መብራት ቢሄድ ማን ይከፍላል? ማሽኑ መልስ የለውም፤ ልጆቹ ግን ነበራቸው። ከእረፍት በፊት ከጠፋ ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከእረፍት በኋላ ከጠፋ የሚመራው አሸናፊ ነው፤ ተመሪው ግን ግማሹን ብቻ ይከፍላል። እኩል ከነበሩ ባለቤቱ ይከስራል። ይህን ማንም አልጻፈውም። አንድ ቀን ከሌላ ሰፈር የመጣ ወጣት በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 እየመራ መብራት ጠፋና «አሸንፌያለሁ፣ አልነሳም» ብሎ ጮኸ። የመለሰለት ባለቤቱ አልነበረም፤ አሥር ዓመት እንኳ የማይሞላው ልጅ ነው፦ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት እረፍት ሳይደርስ ማሸነፍ የለም።» ወጣቱ አጉረምርሞ ተነሳ።

የጨዋታ ጥናት የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው፦ ሕጉን ማን አወጣው? ለምን ይከበራል? እንዴት የአንድ ሕፃን ቃል ጎረምሳን ያስነሳል? መጫወት ግድ ነው፤ የማይጫወት ሰው የሚያየውን አይረዳም። ነገር ግን ማታ የሚቀረው ጽሑፉ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሌላው የመስክ ጥናት በምንም አይቀልም።

አብሮኝ ይኖር የነበረ የሕክምና ተማሪ በዚህ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ጅማ የሐኪሞች ከተማ ናትና በራሱ ሙያ መለስኩለት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ አንድ ጭራቅ በሚዋጉት ላይ የሚለቀው ተላላፊ በሽታ ነበር። በሽታው ከዚያ ስፍራ መውጣት አልነበረበትም፤ ተጫዋቾቹ በጨዋታው ውስጥ በሚያስከትሏቸው እንስሳት በኩል አምልጦ ግን የጨዋታው ከተሞች ደረሰ። ደካሞቹ ወዲያው ረገፉ። አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ ሊያክም ሮጠ፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አዛመተ። የለይቶ ማቆያ ሙከራው ከሸፈ። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩን ላንሴት ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አቀረቡት፤ በሒሳብ ቀመር ውስጥ የማይገባው የሰው ጠባይ እዚያ ይታያል ብለው። ጓደኛዬ የመጽሔቱን ስም ስጠራለት ሳቁን አቆመ። ጨዋታውን አልነበረም ያከበረው፣ መጽሔቱን ነው፤ ቢሆንም ተቀበልኩት።

«ከኮምፒውተር ጋር የመጣ፣ የፈረንጅ ፋሽን ነው»

አሜሪካዊው ስቱዋርት ኩሊን ስለ ገበጣና መሰሎቹ ጥናት ያቀረበው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ያኔ ኮምፒውተር የት ነበር? ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ ከባህል ጎን የተለጠፈ መዝናኛ ሳይሆን ባህል ራሱ የሚበቅልበት መሬት ነው አለ። ፍርድ ቤትን፣ ጦርነትን፣ ግጥምን ሳይቀር በጨዋታ ዓይን አየ። ለፈረንጅ አንባቢ ይህ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። በልሃ ልበልሃን ለሚያውቅ ግን ምን ይደንቃል? ተሟጋቹ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ፣ በስንኝ እያዋዛ፣ ከዳኛው ፊት ሲንጎራደድ ሙግቱም ግጥሚያም ነበር።

የሰንጠረዥ ጨዋታችንም፣ የእኛው ቼዝ፣ እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የደረሱ እንግሊዛውያን ተጓዦች የገዥውን የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ጽፈው አልፈዋል። ከሌላው ዓለም የሚለየን አከፋፈቱ ነው፦ በ«ወረራ» ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እንደ ፍጥነቱ ያንቀሳቅሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ይህንንም፣ በየአካባቢው የሚለያየውን የገበጣ አጨዋወትም እ.ኤ.አ. በ1971 አጥንተው አሳትመዋል። ገበጣ ደግሞ እንጨት ጠራቢ ቢጠፋ መሬት ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ነው። ቤተ ሙከራ አይፈልግም።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ኖርዌያዊው ኤስፐን ኦርሴትና ባልደረቦቹ ለኮምፒውተር ጨዋታዎች ብቻ የሚሆን የጥናት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2001 ጀመሩ። ያኔ ትልቁ ጠብ ጌም እንደ ልብ ወለድ ይነበብ ወይስ በራሱ ሕግ ይመርመር የሚል ነበር። ገበጣ ያደገበት ሰው ሊፈርድ ይችላል፤ እስኪ በገበጣ ውስጥ ተረቱ የቱ ጋ ነው?

«ጌም መሥራት ያስተምራል»

አያስተምርም፤ ወይም ዋና ሥራው አይደለም። የእግር ኳስ ታሪክ ጸሐፊ ኳስ አይሰፋም።

«የተኩስ ጌም ልጆችን ጨካኝ ያደርጋል»

እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ራሳቸው ለዓመታት ተጣልተዋል፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ መናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኦክስፎርድ ጥናት የ14 እና የ15 ዓመት እድሜ ያላቸውን አንድ ሺህ ያህል ብሪታኒያውያን ልጆች ከነአሳዳጊዎቻቸው ጠይቆ በጌሙ ጭካኔና በልጆቹ ጠበኛነት መካከል ግንኙነት አላገኘም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ጠንቀቅ ብሎ ነው የተናገረው፦ ከጩኸትና ከመገፋፋት ጋር ትንሽ ግንኙነት አለ፣ ከእውነተኛ የኃይል ወንጀል ጋር የሚያያይዝ በቂ ማስረጃ ግን የለም። በእኔ ደብተር የተመዘገበው ኃይለኛ ጩኸት ሁሉ የተነሳው ከእግር ኳስ ጌም ነበር። አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

«የተጫወተ ሁሉ ሱሰኛ ነው»

አንዲት የጎረቤት እናት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ጌም ቤት እንደሚገባ ነግረውኝ «ሱስ ያዘብኝ፣ አይደል?» አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እንደ ሕመም የመዘገበበት የበሽታዎች መለያ ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በሰዓት ብዛት ግን አይለካም። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል ሲቆይ ነው። ይህም ቢሆን ሁሉንም አላስማማም፤ ከላይ የጠቀስኩት ኦርሴት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ማስረጃው ገና ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ጽፏል። ለእናትየው ግን ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩም። «ሲመለስ ይበላል? ያጠናል? ከሰው ይጫወታል?» አልኳቸው። «መብላትማ ይበላል!» ብለው ሳቁ። የታክሲውን ገንዘብ እዚያ ጨርሶ በእግሩ መምጣቱ ግን ያናድዳል፤ እሱ ላይ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

«ጌም የወንዶች ነው»

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። በደብተሬ ላይ «ሴት ተጫዋች፦ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ በቀይ አስምረው «በስንት ሰዓት?» ብለው መለሱልኝ። እውነትም የምሄደው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ከሰዓት ቤቱ በጎረምሳ ይሞላል፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ አላፊ አግዳሚዋን ይለክፋሉ፤ ሴት ልጅ የማትገባው ጌም ስለማትወድ ሳይሆን በዚያ በር ማለፍ ስላለባት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። የባለቤቱ እህት ወለሉን ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ፣ መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደግፋ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች። ደንበኛ እስኪመጣ በየቀኑ እንዲህ ታደርግ እንደነበር ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ገጠምኳት። ሦስቱንም ከፈልኩ።