የወታደር ቁርጥ ምንድን ነው?

ከአዘዞ ካምፕ ፈቃድ ወጥቶ ጎንደር ፒያሳ ፀጉር ቤት የገባ ወታደር ብዙ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጎንና ጎኑ፣ ማጅራቱም በቶንዶስ ወደ ቆዳ ይጠጋል፤ አናቱ ላይ በጣት የማይያዝ ፀጉር ይቀርለታል፤ ጺሙ ሙልጭ ይላል። የወታደር ቁርጥ የሚባለው ይኸው ነው። አዲስ ምልምል ከሆነ ያችም አትቀርለትም።

ይህ ደንብ ለጎንደር ሰው እንግዳ ቢመስል አይገርምም። የድሮው ጦረኛችን ክብሩን የሚያሳየው ፀጉሩን በማሳደግ ነበር፤ ሹሩባም ጀግንነቱን ያስመሰከረ ሰው ምልክት ነበር። ቋረኛው ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ዛሬም በየሥዕሉ የሚለዩት በሹሩባቸው ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዱር የገቡት አርበኞችም ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ ተዋግተዋል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከንጉሡ አስከሬን ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ፀጉር ከለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ቁንጮ ፀጉር ለእኛ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ታዲያ ዘመናዊ ጦር ለምን ይላጫል? መጀመሪያ የሚነሳው ቅማል ነው። ይህ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል ናት፤ የምትኖረውም በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ራሱን ተላጭቶ ልብሱን ያልቀቀለ ወታደር ከበሽታው አልዳነም። ጺም ላይ ያለው ምክንያት ጠንከር ይላል፤ የመርዝ ጋዝ ጭምብል ከቆዳ ጋር ካልገጠመ በጺሙ መካከል ጋዝ ያሳልፋል። የቀረው ከየአካባቢው የመጣውን ወጣት አንድ ለማስመሰል ነው፤ ይህኛው እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። የእንግሊዝ ጦር እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ወታደሮቹ ሪዛቸውን እንዳይላጩ ይከለክል ነበር፤ በ2024 ደግሞ ጺም ፈቀደ።

ደንቡን የማለፊያው ዘዴ የሚጀምረው ከመለዮው ሥር ነው። ከመለዮው በታች የሚታየው ብቻ በደንብ ይላጫል፤ አናቱ ቀስ እያለ ያድጋል። ከርዳዳ ፀጉር ለዚህ ይመቻል፤ ተጠቅልሎ ስለሚተኛ ማበጠሪያ እስካልነካው ቁመቱ አይታወቅም። በፍተሻ ቀን ትንሽ ውሃና ቅባት ይጨመርበታል። ጺምን ደግሞ አንዳንዱ በምላጭ ሳይሆን በማሽን ይቆርጠዋል፤ ከሩቅ የተላጨ ይመስላል።

ይህን የመጨረሻውን ማታለል ብሎ ማለፍ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ከርዳዳ ጺም በምላጭ ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አገጭና አንገት ላይ የሚወጣው የሚያሳክክ፣ አንዳንዴም የሚመግል እብጠት ከዚህ ይመጣል። በየቀኑ መላጨት ያባብሰዋል፤ እንደ እኛ ያለ ፀጉር ያለውን ሰው ደግሞ አብዝቶ ያጠቃዋል። የአሜሪካ ጦር በዚህ የተነሳ ሐኪም ጽፎላቸው ሳይላጩ የሚያገለግሉ ወታደሮች ለብዙ ዓመታት ነበሩት፤ አብዛኞቹም ጥቁሮች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ብሎ መቅጣት በሽታውን መቅጣት ነው።

ይህ ችግር ያለበት ወታደር እብጠቱን በጥፍሩ ወይም በመርፌ ከመነካካት ይልቅ ለሐኪም ያሳይ፤ አለቃውን በቃል ከመከራከር የሐኪም ወረቀት ይሻለዋል። ፀጉር ቤት ሲገባም «ወንድሜ፣ ምላጭ ይቅር፤ በቶንዶስ ከቆዳው ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ይበል፤ ቶንዶሱ ከእሱ በፊት ከተቆረጠው ሰው በኋላ በአልኮል መጠረጉንም ይይ።