ቴራፒ ለመጀመር ወረቀትና ክፍያ ሲዘጋጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል የሥነ ልቦና ምክር ክሊኒክ የምዝገባና የክፍያ ሥራ እሠራለሁ። አዲስ ተገልጋይ ከባለሙያው ጋር ከመቀመጡ በፊት የሚያገኘው እኔን ስለሆነ፣ ስለ ምዝገባ በከተማው የሚወራው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ከእኔ መስኮት ነው። አብዛኛው ወሬ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አንዱ ግን ሰው ስለሚጎዳ እሱን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን በአጭሩ እጽፋለሁ።

«እውነተኛ ስሜን ከሰጠሁ በአእምሮ ሕመምተኛነት እመዘገባለሁ፤ መሥሪያ ቤቴም ቀበሌዬም ይሰማል።»

ይህን ያህል የተለመደ፣ ይህን ያህልም መሠረተ ቢስ ወሬ አላውቅም። ወደ ቀበሌም ሆነ ወደ ቀጣሪ የምንልከው የስም ዝርዝር የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። ምስጢር የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ የተገልጋዩ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ፍርድ ቤት ሲያዝ። ይህም በስምምነት ቅጹ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ ችግሩ፣ ቅጹን ሳያነብ የሚፈርመው ከሚያነበው መብዛቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተነግሮትም የይስሙላ ስም የሚያስመዘግብ አይጠፋም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በታናሽ ወንድሙ ስም ካርድ አወጣ። ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልተፈጠረም። በኋላ ባለሙያዋ መድኃኒት ሳያስፈልገው እንደማይቀር አይታ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችለት። ሪፈሩ በወንድሙ ስም፣ መታወቂያው በራሱ ስም ሆነና ከካርድ ክፍል ተመለሰ። ተቆጥቶ መጥቶ «ስሙን ብቻ ቀይሪልኝ» አለኝ። የሕክምና መዝገብ በእስክሪብቶ ሰርዘው የሚያርሙት ወረቀት አይደለም። ደግሞም የተሳሳተው ስሙ ብቻ አልነበረም፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰው ሰው በወንድሙ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዕድሜ ደግሞ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ነው። አዲስ ካርድ አወጣ፤ ሪፈሩም እንደገና ተጻፈ፤ ለሕመም ፈቃድ ያሰበው ወረቀት ግን ለዚያ ሳምንት አልደረሰለትም።

የተጠሪ ስልክም በዚሁ ፍርሃት ይበላሻል። ተጠሪ ማለት በክፍሉ ውስጥ የተነገረውን የሚሰማ ሰው ማለት አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚደወልለት ነው። አንዲት እናት መጠበቂያው ላይ ራሷን ስታ ስትወድቅ ወደ ተጠሪዋ ስደውል፣ ስልኩ የጮኸው ከገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ የራሷን ሁለተኛ ሲም ነበር ያስመዘገበችው።

ስለዚህ ስምዎን በፋይዳ ወይም በቀበሌ መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ይስጡ። የሚፈሩት ስምዎ በመጠበቂያው ሰው ፊት መጠራቱ ከሆነ፣ እሱን ለይተው ይንገሩን፤ በካርድ ቁጥር እንጠራዎታለን። ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ መሆኑን እኛም እናውቃለን።

«ስክሪንሾት ካሳየሁ ከፍያለሁ።»

አልከፈሉም። ስክሪንሾት ማንም ያስተካክለዋል፤ እኛ የምናየው ገንዘቡ ከእኛ ዘንድ መግባቱን ነው። በቴሌብር ሲከፍሉ የምስጢር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል፤ ያንብቡት። ከ127 የሚደርስዎትን መልእክት አያጥፉ፤ ክርክር ቢነሣ የሚፈለገው በውስጡ ያለው የግብይት ቁጥር ነውና። ደረሰኝም ሳይቀበሉ አይሂዱ።

«የጤና መድን ደብተሬ ይሸፍነዋል።»

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚያገለግለው ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ መንገዱም ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ነው። እንደ እኛ ያለ የግል ክሊኒክ ደብተሩን ይዞ መጥቶ በነጻ ለመታከም መጠበቅ የታክሲ ሒሳብ ማባከን ነው። አቅም ለሌለው ሰው የምመክረው በጤና ጣቢያው በኩል ሪፈር አጽፎ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል እንዲሄድ ነው፤ ይህን ስለተናገርኩ ደንበኛ ታሳጪናለሽ የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

«ለማውራት ምን ክፍያ ያስፈልጋል?»

የሚከፈለው ለእርስዎ ብቻ ለተያዘው ሰዓትና ለባለሙያው ሙያ ነው። ቀጠሮ ሳያሳውቁ ቢቀሩ ምን እንደሚያስከፍልዎ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከየክሊኒኩ ይለያያል።

«ቅጽ መሙላት ከሰዓቴ ላይ ይቀንሳል።»

ይቀንሳል፤ በሰዓቱ ላይ ከደረሱ። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይምጡ።

«ጸበል ላይ መሆኔን ከጻፍኩ ይመልሱኛል።»

ማንም አይመልስዎትም፤ ይጻፉት። ባለሙያው ማወቅ የሚፈልገው ጸበል ሲጀምሩ መድኃኒት አቋርጠው እንደሆነና ጾሙ የመድኃኒት ሰዓትዎን ቀይሮት እንደሆነ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። «ነጭ፣ ትንሽ ክኒን ናት» የሚለውን መልስ በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ ባለሙያው በእሱ ሊሠራበት አይችልም። ማሸጊያው ከጠፋ የሐኪሙን ማዘዣ ወይም የፋርማሲውን ደረሰኝ ያምጡ።