ድንበር ተሻጋሪ ስርጭት ምንድን ነው?

«ሳተላይት መጥቶ የአገሮችን ድንበር አፈረሰ» የምትለዋን ነገር ሰሞኑን ደግሞ ከአንድ የሚዲያ ተንታኝ ሰማኋት። አሁንስ በዛ!

ድንበር ተሻጋሪ ስርጭት አንድ አገር ተነግሮ ሌላ አገር የሚደመጥ ስርጭት ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ጠቡ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በተንታኙ ትረካ ራዲዮ በየአገሩ አጥር ውስጥ ተወልዶ አደገና በኋላ አጥሩን ዘለለ። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አጥሩ የተሠራው ራዲዮው ካለፈ በኋላ ነው።

ሞገድ እንደ ጭስ ነው፤ የማን ግቢ እንደገባ አይጠይቅም። በተለይ መካከለኛ ሞገድ ሲመሽ ከአዮኖስፌር (ከከባቢ አየር ላይኛው፣ በኤሌክትሪክ ከተሞላው ንብርብር) ነጥሮ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይወርዳል። ለከተማው ሰው ብቻ የሚያወራ ጣቢያ ሳያስበው ለባዕድ ያወራል ማለት ነው። በ1920ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአውሮፓ ጣቢያዎች እርስ በርስ ሲደነቋቆሩ ጊዜ፣ በ1925 መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገ ዓለም አቀፍ የራዲዮ ኅብረት ተቋቋመ፤ በ1926ም የሞገድ ድልድል ወጣ። ጎረቤታሞች ተሰብስበው ማን በየት በኩል ያጭስ ብለው ተስማሙ እንበል። «ብሔራዊ ጣቢያ» ለገዛ ሕዝቡ ሳይረበሽ መናገር የቻለው በዚህ ስምምነት ነው። የ1930ዎቹን የራዲዮ መቀበያ መስታወት ብታዩ መርፌዋ የምትሄደው በከተማ ስሞች ላይ ነው፦ ሂልፈርሰም፣ ሉክሰምበርግ፣ ፓሪስ። ሳተላይት ገና አልመጠቀም።

«ያም ሆነ ይህ ፕሮፓጋንዳ ነው» የሚባለው ደግሞ ሌላው ነው። አዎ፣ የጣሊያኑ ራዲዮ ባሪ በ1934 በዓረብኛ ጀመረ፤ የእንግሊዙ ቢቢሲም በ1938 በዓረብኛ መለሰ። የንግድ ጣቢያው ራዲዮ ሉክሰምበርግስ? ከ1933 ጀምሮ ባልተደለደለለት ረጅም ሞገድ በእንግሊዝኛ ሙዚቃና ማስታወቂያ ይለቅ ነበር። ማስታወቂያ የማይነካው ቢቢሲ እሑድን ለሃይማኖትና ለቁም ነገር ሲያውል፣ የእንግሊዝ አድማጭ ወደ ሉክሰምበርግ ይዞር ነበር። ልጆቹም ኦቫልቲን የተባለው መጠጥ አምራች የሚከፍልበትን ፕሮግራም ያዳምጡ ነበር። ይህችኛዋ ጎረቤት ነፋሱን አይታ፣ ገበያዋን አስልታ ነው የምታጨሰው። ሶቪየት ኅብረት በ1948 የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮን በጫጫታ ሞገድ ማፈን ስትጀምር ያደረገችው ደግሞ የጎረቤት ጭስ እንዳይሸት በገዛ ግቢ እርጥብ ቅጠል ማንደድ ነው። የሚያስለው የራስ ቤተሰብ ነው።

ከያዝኩት አይቀር አንድ ማሳሰቢያ፦ ሞገድ ደረሰ ማለት ሰው አዳመጠ ማለት አይደለም። ኪሎዋት የማሰራጫውን ጉልበት እንጂ የአድማጩን ብዛት አይነግረንም። የቀደመው ዘመን ስርጭት አብዛኛው በቀጥታ ተላልፎ ሳይቀዳ ቀርቷል፤ መዝገብ ቤት ገብተን የምናገኘው ጽሑፉን ነው። የአድማጭ ደብዳቤም ቢሆን መጻፍ የሚችለው፣ የቴምብር መግዣ ያለውና ሳንሱር ያላስፈራው ሰው የላከው ነው። ተሰብስቦ አዳምጦ ዝም ያለው ሕዝብ ፋይል የለውም።